ባዶውን የማይመለስ ዕቃ

በሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ አስካለች ከቆጠረች ተቆጥሯል። ሐኪሙም ይለዋል፣ ዘበኛውም ይለዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ጓድ ተክለጊዮርጊስ እንኳ፣ ሰውን ማመን የመደብ ትግሉን ያላላል ባይ ሆኖ ሳለ፣ እሷ የቆጠረችውን መልሶ አይቆጥርም ነበር። እሷም ብትሆን ትሕትናዋ እዚህ ላይ ሲደርስ ያልቅባታል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት መርፌ ጠፍታባት አታውቅም፤ ይህንንም ሳይጠይቋት ትናገራለች።

ሆስፒታሉ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የካቶሊክ መነኮሳት ሠሩት፣ አብዮቱ ሲመጣ መንግሥት ወረሰው፣ መነኮሳቱም ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። የኦፕራሲዮን መሣሪያዎቹ ግን ቀሩ። መቀሶቹ፣ ቢላዎቹ፣ የተከፈተ ሆድ ገልጠው የሚይዙት መንጠቆዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሥራ ሁለቱ የደም ሥር መቆንጠጫዎች አስካለች እጅ ላይ ነበሩ። መቆንጠጫ ሲሉት መቀስ ይመስላል፣ ግን አይቆርጥም፤ የሚደማውን ሥር ነክሶ ይዞ፣ ልቀቅ እስኪሉት አይለቅም። ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ መገጣጠሚያው ዘይት ተቀብቶ፣ ከአንዱ ሰው ሆድ ወጥቶ ወደ ሌላው ሰው ሆድ ሲገባ ዕድሜውን ይፈጃል። አዲስ ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ስላልነበረ አስካለች እናቷ የቅቤ ዕቃዋን በምትይዝበት ስስት ነበር የምትይዛቸው።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ በጣለበት ዕለት ነው። ሀቢቾ ከምትባል መንደር ስምንት ሰዎች እየተቀባበሉ አንድ ገበሬ በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ጠና ይባላል። አንጀቱ ተጠማዝዞ ሆዱ ተወጥሮ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ አየለች ጭቃ እስከ ጉልበቷ ለብሳ ከኋላ ትከተላለች። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር አክሊሉ ሆዱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «አሁኑኑ መከፈት አለበት» አለ።

ችግሩ መቆንጠጫዎቹ ሆስፒታሉ ውስጥ አለመኖራቸው ነበር። ከዱራሜ ወዲያ ያለች ክሊኒክ፣ እንግዳ ሐኪም መጥቶ ኦፕራሲዮን ለሚሠራበት አንድ ሳምንት ተውሳቸው ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሾፌሩ ረሻድ ላንድሮቨሩን በጭቃው ውስጥ እያንሸራተተ ያንኑ ሰዓት ግቢ ገባና በጨርቅ የተጠቀለለውን ጥቅል አስረከባት። ከላዩ የክሊኒኩ ድሬሰር የጋሽ ኤሊያስ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተሰክቷል፦ «የተወሰደ አሥራ ሁለት፣ የተመለሰ አሥራ ሁለት»። ጋሽ ኤሊያስ የከምባታ ሰው ነው። እሷና እሱ እነዚያው መነኮሳት ዘንድ ሥራ የተማሩ፣ አብረው የተቆጡና አብረው የተመሰገኑ ናቸው። ጥቅሉን ወስዳ ቀቀለችው።

ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሊዘጋ ሲል አስካለች እንደ ልማዷ የደም መጥረጊያ ጎዙን ቆጠረች፣ መርፌዎቹን ቆጠረች፣ መቆንጠጫዎቹን በጨርቁ ላይ ደርድራ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ረዳቷ ነርስ ትዕግስት በመዝገቡ ላይ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች።

«አሥራ ሁለት» አለች አስካለች።

«አሥራ ሁለት» አለች ትዕግስት ጻፈችና።

ዶክተር አክሊሉ ሆዱን ሰፋው። መሣሪያዎቹን ስታጥብ ከመቆንጠጫዎቹ አንዷ እንደ አዲስ ሸርተት ብላ ስትከፈትና ስትዘጋ አስካለች አስተዋለች። ጋሽ ኤሊያስ ዘይት አጥግቧት መሆን አለበት ብላ ደስ አላት።

ጠና ሁለት ቀን ደህና ሆነ፤ ውሃም ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። በአራተኛው ሆዱ እንደገና ደነደነ፣ ስቅታው አልለቅ አለው። ዶክተር አክሊሉ መድኃኒት ለወጠ፣ ሳንባውን አዳመጠ፣ ወባ ይሆናል ብሎ ደም አስመረመረ። ወባ አልነበረም። የሆስፒታሉ ራጅ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል።

«እትዬ አስካለች» አላት በኮሪደሩ ውስጥ ራሱን እያከከ፣ «ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር የቀረ ያህል ነው የሚሆነው። ቆጠራው ግን ልክ ነው አይደል?»

«ልክ ነው ዶክተር። ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«እርስዎ ከቆጠሩማ ተቆጥሯል። እንዲያው ይህን የደከመ ሰው እንደገና ከፍቼ ምንም ባላገኝ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር መሆን አለበት።»

ሌላ ነገር ግን አልተገኘም። አስካለች ግራ ገባት። እንዲህ ያለ ሕመም ታውቀዋለች፤ መነኮሳቱ ሲያስተምሯት፣ የተረሳ ዕቃ ያለበት ሆድ እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ ነግረዋታል። ትኩሳቱ እሱ ነው፣ ሆዱም እሱ ነው። ቁጥሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም፣ ሁለቱም ግን ዓይኗ ሥር ናቸው። በምሳ ሰዓት ቁምሳጥኑን ከፍታ መቆንጠጫዎቹን ትደረድራለች። አሥራ ሁለት። ትቆልፋለች። ጥቂት ሄድ ብላ ትመለስና እንደገና ትከፍታለች። አሥራ ሁለት። አንድ ጊዜማ ራሷን ስላላመነች ዘበኛውን ጠርታ አስቆጠረችው፤ እሱም እንደ ፈተና ቆጥሮት አሥራ ሁለት አለና «ልክ ነኝ?» ብሎ ጠየቃት።

አየለችን ስታይ ሆዷ ይባባል። ሴትዮዋ እዚህ ከተማ ዘመድ የላትም፤ ተሸካሚዎቹ ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። አስካለች ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ የቆርቆሮ ሳህን በየቀኑ ከቤቷ ሾርባ ታመጣላታለች። አየለችም ሳህኑን አጥባ፣ በእንሰት ቅጠል ከድና ትመልሳለች። አስካለች ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን ከነጠላዋ ጫፍ የተፈታ እፍኝ ቆሎ፣ አንድ ቀን ከግቢው ዛፍ የወደቀች ሎሚ፣ አንድ ቀን ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ሁለት ድንች አኑራበታለች። ምን እንዳኖረችበት አትናገርም። በዚያ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ያኖሩበትንም አፍ ከፍቶ መናገር ነውር ነው፤ ባለቤቱ ሲከፍተው ያየዋል። አስካለችም እንደዚያው ያደገች ስለሆነች ነገሩን ልብ አላለችውም። ቆሎዋን በልታ ሳህኑን አስቀመጠችው።

በስድስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ጋሽ ኤሊያስ ለክሊኒኩ መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ቀትር ላይ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘችው። ሳቂታ ሰው ነው፤ ጸጉሩ እየነጣ ጥርሱ ግን አልተነካም። ደስ አላት። ከዚያ ሁሉ ግራ መጋባት በኋላ፣ ሥራዋን የሚያውቅ አንድ ሰው መጣላት።

«ከስተሻል እህቴ፤ ምን ሆነሻል?»

«የአንድ ሰው ነገር ነው ጋሽ ኤሊያስ። ኋላ እነግርሃለሁ። ልጆችህ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ፈገግ እያለ ዓይኗን አያት። «ነውር ነው መጠየቁ፣ ሽማግሌ ሆኜ ነውር መፍራት ትቻለሁ። ዕቃሽን ስትፈቺ አላየሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«እንግዲህ ካላየሽ ልናገር ነው። መነኮሳቱ ክሊኒኩን ሲለቁ አንዲት መቆንጠጫ መሳቢያ ሥር ወድቃ ቀርታ አግኝቻት ነበር። ብቻዋን ምን ትሠራልኛለች፣ እኔ ሆድ አልከፍት። የነዚያ የመቆንጠጫዎችሽ እህት ናት፣ በአንድ ሣጥን የመጣች፣ ምልክቷም ያው። ዝገቷን አራግፌ፣ ዘይት ቀብቼ ከነዚያ ጋር አሰርኳት። ሳምንት ሙሉ በዕቃሽ ሠርተን ባዶውን ልመልስልሽ? ወረቀቱ ላይ አልጻፍኳትም። ከጻፍኳት የናንተው ጓድ ተክለጊዮርጊስ ከየት መጣች ብሎ ወር ሙሉ ያስፈርመናል።»

አስካለች መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ቃላቱ ገቡ፣ ትርጉማቸው ግን ውጭ ቆሞ ቀረ። አሥራ ሁለት ላከች። አሥራ ሦስት ተመለሰ። እሷ ዘንድ ያለው አሥራ ሁለት ነው። ያቺ እንደ አዲስ የምትከፈተዋ መቆንጠጫ ትዝ ስትላት ከጎኑ ተቀመጠች።

«አሥራ ሁለት ናቸው ያሉኝ» አለች።

«አሥራ ሦስት ነው የላኩት።»

«አሥራ ሁለት ናቸው፣ ጋሽ ኤሊያስ።»

የሽማግሌው ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። የሥራ ሰው ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገውም። ዝቅ ባለ ድምፅ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስትከፍቺ ቆጥረሽ አልነበረም ወይ?»

«ቆጥሬያለሁ እንጂ!» አለች በቁጣ። መቁጠሯን ታስታውሳለች። ጣቷ ከአንዱ መቆንጠጫ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ትዕግስት እርሳሷን ስታዘጋጅ፣ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ብረቱ ላይ ሲያበራ ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

ፀሐይ። ያን ዕለት ፀሐይ አልነበረም። በቀን መብራት አብርተው ነበር የሠሩት።

ያስታወሰችው የዚያን ቀን ቆጠራ አይደለም፤ የሌላ ቀን፣ የስንት ሌላ ቀን ቆጠራ ነው። ብድግ ብላ ገባችና ትዕግስትን ፈልጋ ያዘቻት።

«የጠና ዕለት ስንጀምር መቆንጠጫዎቹን ቆጥሬ ነበር?»

ልጅቷ ፈራች። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ... ሰውየው እያቃሰተ ነበር፣ ዶክተርም ቶሎ በሉ እያሉ ነበር። እርስዎም ወረቀቱን አይተው 'ጋሽ ኤሊያስ ከቆጠረ ተቆጥሯል፣ አሥራ ሁለት በዪ' አሉኝ። ጻፍኩ።»

አስካለች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ከሐፍረቱ ጋር አንድ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ መምጣቱንም አልካደችም፦ ከጋሽ ኤሊያስ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። መዝገቡ ልክ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው። አሥራ ሦስተኛዋ በመንግሥት ዝርዝር ላይ የለችም፣ ስለዚህ አልጠፋችም። ጠና ቢሞት በአንጀት ሕመም ሞተ ይባላል፣ ሀቢቾ ወስደው ይቀብሩታል። ብትናገር ደግሞ ጋሽ ኤሊያስ የመንግሥት ንብረት ደብቆ ተገኘ ይባላል፣ እሷም አሻጥረኛ ትሆናለች። ባለፈው ዓመት የመድኃኒት ቤቱ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሯል።

ወደ ደጅ ስትወጣ ጋሽ ኤሊያስ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል። «ሂጂ ንገሪው» አላት። «እኔንም ጥሪኝ። ያኖርኳት እኔ ነኝ።» እሱም ፈርቶ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ቢሮው ውስጥ ለአዲስ አበባ የሪፈር ወረቀት እየጻፈ ነበር። ላንድሮቨሩ በማግስቱ ይነሣል፤ ጠና በዚያ መንገድ ከሆሳዕና እንደማያልፍ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ዶክተር፣ ቆጠራዬ ተሳስቷል።»

«አሥራ ሁለት አላሉኝም?»

«አሥራ ሁለት ነው።»

«ታዲያ?»

«አሥራ ሦስት መሆን ነበረበት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኛ ያለን አሥራ ሁለት፣ ሲያልቅ አሥራ ሁለት። ምኑ ነው የተሳሳተው?» እንደገና ነገረችው፣ እንደገና አልገባውም። በመጨረሻ ከጠረጴዛው ላይ የክብሪት እንጨት ደርድራ፣ አሥራ ሦስት አድርጋ፣ አንዷን አንሥታ በመዳፏ ስትሸፍን ፊቱ ተለወጠ። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ አልሰደባትም።

«ትዕግስትን ጥሯት» አለ። «ውሃ ይጣድ።»

ለአየለች የነገረቻት አስካለች ራሷ ናት። በሀዲይኛ ነገረቻት፤ ይህን ነገር በአማርኛ ለመናገር አንደበቷ እምቢ አላት። የኔ ስህተት ነው፣ ሰው ሳይነግረኝ ዕቃዬ ላይ የጨመረውን አልቆጠርኩም፣ በባልሽ ሆድ ውስጥ ብረት አለ አለቻት። አየለች አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረውን ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ሳህን ከደረቷ አስጠግታ ያዘችና «ይወጣል?» ብላ ጠየቀች።

«እናወጣዋለን።»

«እንግዲያው ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ?» አለቻት።

በዚህኛው ጊዜ አስካለች እያንዳንዱን መቆንጠጫ እያነሣች፣ ለትዕግስት እያሳየች፣ ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። አሥራ ሁለት። ዶክተር አክሊሉ ስፌቱን ፈታ። መግል ነበር። እጁን አስገብቶ በቀኝ ፈለገ፣ በግራ ፈለገ። ቆመ። አስካለች በዚያች ቅጽበት ስህተቱ ሁሉ ውሸት በሆነ፣ በከንቱ ባስከፈትኩት ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ ምኞቷ አስደነገጣት፣ ምክንያቱም በከንቱ ከሆነ ሰውየው ሞቷል። ሐኪሙ እጁን ወደ ታች፣ ወደ አንጀቱ እጥፋት ሥር ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ መሐል ብረት ነበር። ምንም ሳይናገር መዳፏ ላይ አኖረላት። ሞቃት ነበረች።

«አሥራ ሦስት» አለች ለትዕግስት፤ መጻፍ አለበትና።

የሆስፒታሉ ስብሰባ ሦስት ቀን ተካሄደ። የጠና ሆድ በአጀንዳው ላይ አልነበረም። ጓድ ተክለጊዮርጊስን እንቅልፍ የነሣው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ዕቃ እንዴት ሊኖር ይችላል? የጎደለ ዕቃ ያውቃል፣ ለጎደለ ዕቃ ቅጽ አለው፤ ለተረፈ ዕቃ ግን ቅጽ አልነበረውም። ጋሽ ኤሊያስ ሁለት ገጽ ግለ ሂስ ጽፎ፣ ዶክተር አክሊሉ ጠረጴዛ እስኪደበድብ ተከራክሮ፣ ሽማግሌውና አስካለች ከእስር ተረፉ። መቆንጠጫዋ በፖስታ ታሽጋ፣ ማኅተም ተመትቶባት፣ ንብረት ክፍል ካዝና ውስጥ ገባች። አስካለች ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥታ ፋሻ ወደሚታጠፍበት ክፍል ተዛወረች። አልተከራከረችም። ፋሻ ስታጥፍ እያንዳንዱን ትቆጥራለች፤ ማንም ቁጠሪ ያላት የለም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ጠና ከስቶ ግን በእግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል፣ አየለች ወደ ፋሻ ክፍሉ መጣች። ዘመዶቿ ከሀቢቾ ሊወስዷቸው ደርሰዋል። እጇ ላይ ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሳህን አለ። በቅጠል አልተከደነም። አስካለች ተነሥታ ቆመች። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለቱ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ይቅር አልኩሽ ያለም፣ ይቅር በዪኝ ያለም የለም።

አየለች ሳህኑን በአስካለች ፊት አዘነበለችው።

«ባዶ ነው» አለች። «እይው። ምንም አላኖርኩበትም።»

አስካለች ሳህኑን ተቀበለች። ልቧ ቆሰለ። በዚያ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን የሚመልስ ሰው፣ ከዚህ በኋላ አላውቅሽም የሚል ሰው ነው። የሚገባኝ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች አየለች። «ግን ሰው ዕቃሽ ውስጥ ሳይነግርሽ ያኖረው ነገር ምን እንዳደረገን አየሁ። ያንቺን ሳህን እንደዚያ አልመልስም።» ወደ ውጭ ወጥታ ከዘመዶቿ አንድ ትንሽ ቅርጫት ተቀብላ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከተጣጠፈው ፋሻ ጎን አስቀመጠችው። ውስጡ ጭድ ላይ የተደረደረ እንቁላል ነው። «ይሄ የቤታችን ነው። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ስንት እንደሆነ አልነግርሽም። አንቺም ቁጠሪው።»

አስካለች ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር እንቁላሎቹ ተደባለቁባት። በእጅጌዋ ጠረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንድ በአንድ እያነሣች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሳህኑ ላይ አኖረቻቸው። አየለችም አጠገቧ ቆማ በከንፈሯ አብራት ትቆጥር ነበር።